የአባቴን ኑዛዜ በሙምባይ ፍርድ ቤት ለማጽደቅ ያለፍንበት መንገድ

አባቴ ሕንዳዊ፣ እናቴ የደሴ ልጅ ነበሩ። አባቴ በንጉሡ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ለማስተማር ከመጡት በርካታ የሕንድ መምህራን አንዱ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሒሳብ ካስተማረ በኋላ ሁለቱን ታላላቅ ወንድሞቼን ለትምህርት ይዞ ወደ ሙምባይ ተመለሰ። እኔ ከእናቴ ጋር አዲስ አበባ ቀረሁ። አባቴ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ሙምባይ ውስጥ አረፈ። ኑዛዜውን በፍርድ ቤት ለማጽደቅ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጀብን፤ ከዚህ ጊዜ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የባከነው በራሳችን ስሕተት ነው። ይህን የምጽፈው ወላጁ ሕንድ ውስጥ ንብረት ትቶ ያረፈበት ሌላ ሰው እኛ በወደቅንበት ቦታ እንዳይወድቅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኑዛዜው አባቴ መኝታ ክፍል ውስጥ ከነበረው የብረት ቁም ሣጥን ተገኘ። በእንግሊዝኛ በታይፕ የተጻፈ፣ ሦስት ገጽ ያለው፣ በ2009 የተፈረመ ሰነድ ነው። ዳዳር ሰፈር የሚገኘውን አፓርታማ ለሦስት ልጆቹ እኩል ያካፍላል፤ ባንክ ያለውን ገንዘብ ለእኔና ለመካከለኛው ወንድሜ ይሰጣል፤ የኑዛዜ አስፈጻሚ አድርጎም ታላቅ ወንድማችንን ይሾማል። ችግሩ ታላቅ ወንድማችን ከአባታችን በፊት፣ በ2013፣ በልብ ሕመም ያረፈ መሆኑ ነው። አባቴ ሐዘኑ ከብዶት ይሁን ወይም አስፈላጊ ሳይመስለው ቀርቶ ኑዛዜውን አላደሰውም። እኛም ያን ጊዜ ለዚህ ነገር ክብደት አልሰጠነውም።

መካከለኛው ወንድሜ ወረቀቱን እንዳገኘ ጥሩ ኮፒ ሊልክልኝ ብሎ ስቴፕለሩን ነቀለው፤ ገጾቹን አንድ በአንድ ኮፒ ካደረገ በኋላም በሌላ ቦታ መልሶ አያያዛቸው። ከወራት በኋላ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ዋናውን ሰነድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ሲመለከት በእያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ ሁለት ጥንድ ቀዳዳ አየ። ገጽ ተለውጦ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ስለሚያስነሣ ወንድሜ ስቴፕለሩን መቼ፣ የትና ለምን እንደነቀለው የሚያስረዳ ቃለ መሐላ ማቅረብ ነበረበት። ስለዚህ ኑዛዜ ስታገኙ አትንቀሉት፣ አትጻፉበት፣ ፕላስቲክም አትለብጡት። እንዳለ በስልካችሁ ፎቶ አንሡትና በፖስታ ውስጥ አስቀምጡት፤ ዋናው ሰነድ በመጨረሻ ፍርድ ቤት ገቢ የሚሆን ነው።

የመጀመሪያውን ግማሽ ዓመት ያጠፋነው ግን በሌላ ነገር ነው። ሙምባይ ውስጥ አብዛኛው አፓርታማ የሚተዳደረው በነዋሪዎች የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን፣ አባል ሲሞት ድርሻው በማን ስም እንደሚዞር አስቀድሞ ማስመዝገብ የተለመደ ነው። አባቴ ያስመዘገበው መካከለኛውን ወንድሜን ነበር። የማኅበሩ ጸሐፊ በቅን ልቦና፣ «ስምህ ተመዝግቧል፤ ማመልከቻ ካስገባህ በአንተ ስም እናዞረዋለን፤ ፍርድ ቤት ምን ያደርግልሃል?» አሉት። ወንድሜ ደስ አለው፤ እኔም ከአዲስ አበባ ሆኜ «ይሁን» አልኩ። በኋላ እንደተረዳነው እንዲህ የተመዘገበ ሰው ማኅበሩ የሚያነጋግረውና ንብረቱን ለወራሾች በአደራ የሚይዝ ሰው እንጂ የቤቱ ባለቤት አይደለም። ባለቤቱን የሚለየው ኑዛዜው ወይም የውርስ ሕጉ ነው። የባንክ ሒሳብም በዚያው መንገድ ነው የሚታየው፤ ባንኩ ገንዘቡን ለተመዘገበው ሰው ከፍሎ ከኃላፊነት ይወጣል፣ ተቀባዩ ግን ለወራሾቹ ተጠያቂ ይሆናል። በቤተሰብ መካከል ትልቁ ቅያሜ የሚፀነሰው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ «ስሜ ተመዝግቧል» የሚል ዘመድ ቢኖራችሁ በክፋት እንዳልሆነ ተረድታችሁ በጊዜ ልዩነቱን አስረዱት።

አባቴ በሞተበት ጊዜ ፍርድ ቤት መሄድ ለእኛ ምርጫ አልነበረም። በ1925 የወጣው የሕንድ የውርስ ሕግ በአንቀጽ 213፣ ከአንቀጽ 57 ጋር ተያይዞ፣ በሙምባይ፣ በኮልካታና በቼናይ ከተሞች በሂንዱዎች ለተጻፈ ወይም በነዚያ ከተሞች የሚገኝ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለሚመለከት ኑዛዜ የፍርድ ቤት ማጽደቅን ግዴታ ያደርግ ነበር። ኑዛዜው በሌላ ከተማ ተጽፎ ንብረቱም በሌላ ከተማ ቢሆን ኖሮ ይህ ግዴታ አይመለከተንም ነበር። አንቀጽ 213 በ2025 መጨረሻ በወጣ ማሻሻያ ተሰርዟል፤ ዛሬ የምትጀምሩ ሰዎች የእናንተ ጉዳይ በየትኛው ሕግ እንደሚታይ ጠበቃችሁን በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ግዴታው ቢነሣም ማጽደቅን መጠየቅ አልተከለከለም፤ ተቃዋሚ ሊነሣ በሚችልበት ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ኑዛዜው እውነተኛ ነው የሚል የፍርድ ቤት ቃል በእጅ መኖሩ ትልቅ ዋጋ አለው።

የመጀመሪያው ጠበቃችን ክፍያውን የጠየቀን ከአፓርታማው ዋጋ በመቶኛ ነበር፤ የዳኝነት ክፍያውም «እንደ ንብረቱ ዋጋ በጣም ይበዛል» አለን። ሙምባይ ውስጥ የቤት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደደነገጥን ይገባዋል። እውነቱ ግን ሙምባይ ባለችበት በማሃራሽትራ ግዛት የኑዛዜ ማጽደቅ የዳኝነት ክፍያ ጣሪያው 75,000 ሩፒ መሆኑ ነው፤ ንብረቱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ከዚያ አያልፍም። የጠበቃ ክፍያ በስምምነት የሚወሰን ስለሆነ ተነጋገሩበት፤ በየደረጃው የሚከፈል ቁርጥ ያለ ዋጋ በጽሑፍ አድርጉት።

ከገንዘቡ የበለጠ የጎዳን ያ ጠበቃ በየካቲት 2017 ያስገባው አቤቱታ ዓይነቱ የተሳሳተ መሆኑ ነው። በሕጉ አንቀጽ 222 መሠረት ኑዛዜ ማጽደቅን ጠይቆ የሚፈቀድለት በኑዛዜው የተሾመ አስፈጻሚ ብቻ ነው። የእኛ አስፈጻሚ ሞቷል። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ኑዛዜው የተያያዘበት የውርስ አስተዳደር ሥልጣን ነው፤ ዓላማው ተመሳሳይ ቢሆንም አቤቱታው ይለያል፣ አስተዳዳሪ የሚሆነውም ሰው የዋስትና ግዴታ መግባት ይጠበቅበታል። መዝገብ ቤቱ ጉድለቶቹን ዘርዝሮ ፋይሉን መለሰው። ጠበቃ ቀይረን በአዲስ መልክ እስክናስገባ ስምንት ወር አለፈ። በኑዛዜው ላይ የአስፈጻሚውን ስም ፈልጉ፤ ሰውየው በሕይወት መኖሩንና ለመሥራት ፈቃደኛ መሆኑን ከሁሉ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከአዲስ አበባ የሚላኩት ወረቀቶች የእኔ ድርሻ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ የሟችን የቅርብ ወራሾች ሁሉ ማወቅ ስለሚፈልግ እናቴ ከአባቴ በፊት ማረፏን ማስረዳት ነበረብን። እናቴ ስታርፍ የሞት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ያሰበ ሰው አልነበረም። ከዕድራችንና ከተቀበረችበት ደብር ደብዳቤ አጽፌ ወደ ወረዳ ሄድኩ። የዕድሩ ጸሐፊ ያን አሮጌ መዝገብ አውጥተው ገጹን በጣታቸው ሲከተሉ፣ ስሟን፣ ቀኑንና የወጣውን የቀብር ገንዘብ በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ሳየው እንባዬ መጣ። ዕድር ይህን ያህል ጠንቃቃ መዝገብ ያዥ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ድካም የተገኘውን ወረቀት ተርጓሚው አበላሸው። እናቴ ያረፈችው በጥር 1991 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ተርጓሚው ወሩን ወደ እንግሊዝኛ ለውጦ ዓመቱን እንዳለ ተወው። አቤቱታችን 1999 ይላል፣ ማስረጃው 1991። መዝገብ ቤቱ ይህን ሲያይ የስምንት ዓመት ልዩነት ያለበት ሰነድ ሆነበት። የእኔም ስም ሌላ ችግር ነበር፤ በእኛ ልማድ ከስሜ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቴ ስም ነው፣ አባቴ በኑዛዜው ውስጥ የጻፈው ግን በሕንድ ልማድ የቤተሰቡን ስም ከስሜ ጋር አያይዞ ነው። ሁለቱም ስሞች የአንዲት ሰው መሆናቸውን በቃለ መሐላ አስረዳሁ። ትርጉም ስታሠሩ እያንዳንዱን ቀን ራሳችሁ ቁጠሩ፤ ስማችሁንም በፓስፖርታችሁ ላይ ካለው ፊደል ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ለወንድሜ የሰጠሁትን ውክልናና የስምምነት ቃለ መሐላዬን ውልና ማስረጃ ከፈረምኩ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም አዲስ አበባ በሚገኘው የሕንድ ኤምባሲ አረጋግጬ ላክሁ። እዚህም አንድ የማናውቀው ነገር ነበር። ከውጭ አገር የሚመጣ ውክልና ሕንድ ከገባበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ የቴምብር ቀረጥ ሊከፈልበት ይገባል። ወንድሜ ወረቀቱን በጥንቃቄ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ አራት ወር ቆየበት፤ ሁሉንም እንደገና ከመጀመር በቀር ምርጫ አልነበረንም። ፖስታው የደረሰበትን ቀን የሚያሳየውን ደረሰኝ ያዙ፣ ቴምብሩንም በዚያው ሳምንት አስመቱ።

ቀጥሎ ምስክሮቹ። የሕንድ ሕግ ኑዛዜ ቢያንስ በሁለት ምስክሮች እንዲፈረም ይጠይቃል፤ ለማጽደቅ ሲቀርብም ከምስክሮቹ አንዱ ከተገኘ ቃሉን መስጠት አለበት። ከሁለቱ አንዱ፣ የአባቴ ጎረቤት፣ በ2014 አርፈዋል። ሌላው የቤተሰባችን ሐኪም ነበሩ፤ ክሊኒካቸውን ዘግተው ናሲክ ከተማ ልጃቸው ዘንድ እንደሚኖሩ የነገረን የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ባለቤት ነው። ወንድሜ ሲሄድ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሰነዱን ሲያዩ መጀመሪያ የነኩት የራሳቸውን ፊርማ ነው። «ይህ የእኔ ነው፤ ከላይ ያለው የእሱ ነው፤ እሱ ሦስቱንም ገጽ ፈርሞ እስኪጨርስ ሁለታችንንም አትነሡም ብሎ አስቀምጦናል» አሉ። ይህ ቃል በሕግ ፊት ወሳኝ ነበር፤ ተናዛዡ ሲፈርም ምስክሩ ማየቱ፣ ምስክሩም በተናዛዡ ፊት መፈረሙ የኑዛዜው አንድ ምሰሶ ነው። ሐኪም መሆናቸው ደግሞ አባቴ አእምሮው የተረጋጋ እንደነበር ለመመስከር ከማንም የተሻሉ አደረጋቸው። በሚቀጥለው ዓመት አረፉ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ከምስክሮቹ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ደግሞ ከእነሱ በዕድሜ በጣም የሚያንስ ሰው ይሁን፤ አድራሻቸውና ስልካቸውም ከፊርማቸው ሥር ይጻፍ። ኑዛዜውን በመንግሥት መዝጋቢ ቢሮ ማስመዝገብ በሕንድ ግዴታ ባይሆንም እኔ ብሆን አስመዘግበዋለሁ።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ክፍል ደረስኩ። ታላቅ ወንድማችን ሁለት ልጆች ትቶ ነበር፤ ወንዱ ሃያ ዓመቱ፣ ሴቷ አሥራ ስድስት፣ ከእናታቸው ጋር ፑኔ ይኖራሉ። እኔና መካከለኛው ወንድሜ የታላቃችን ድርሻ እሱ ሲሞት አብሮ የቀረ መስሎን ነበር። ጠበቃችንም አልጠየቀንም፤ በአቤቱታው ላይ ድርሻው ለሁለታችን እንደሚመለስ አድርጎ ጻፈው። የልጆቹን ስም በወራሾች ዝርዝር ውስጥ ያስገባነው መዝገብ ቤቱ ስለጠየቀ ብቻ ነው። ስልክ አንሥተን ግን አንድ ቃል አልነገርናቸውም። «ፍርድ ቤቱ ያሳውቃቸዋል» ተባባልን።

ፍርድ ቤቱም አሳወቃቸው። የቅርብ ወራሽ ሆኖ ስምምነቱን ያልሰጠ ሰው ሁሉ መጥሪያ ይደርሰዋል፤ ከደረሰው ጀምሮ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መቃወሚያ ማስገባት ይችላል። የወንድሜ ሚስት በጥር 2018 መቃወሚያ አስገባች። መቃወሚያው ከደጋፊ ቃለ መሐላ ጋር ሲቀርብ አቤቱታው ወደ ሙግት ተለውጦ እንደ ማንኛውም ክስ ይታያል፤ እንዲህ ያሉ ሙግቶች በዚያ ከተማ ስንት ዓመት እንደሚፈጁ የሰማሁ ቀን አልተኛሁም። የእሷ ጠበቃ የጠቀሰው ደግሞ እኛ ያላነበብነውን አንቀጽ 109ን ነበር፤ ተናዛዡ ለልጁ ሰጥቶ ልጁ ቀድሞ ቢሞትና ልጁ ዘር ትቶ ከሆነ፣ በኑዛዜው ሌላ ሐሳብ ካልታየ በቀር ስጦታው አይቀርም፤ ወደ ሟቹ ወገን ያልፋል። የአፓርታማው አንድ ሦስተኛ የታላቅ ወንድማችን ቤተሰብ ድርሻ ነበር ማለት ነው። ሳናውቅ የሙት ልጆችን ድርሻ የወሰድን ሰዎች ሆነን ነበር።

መጋቢት ላይ ሄድኩ። ከሙምባይ ፑኔ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ቆይቼ በሩ ሲከፈት ሁሉም ጠፋኝ። በአካባቢው ቋንቋ በማራቲኛ የታላቅ ወንድም ሚስት «ቫሂኒ» ትባላለች፤ ከወንድሜ ቀብር በኋላ ያን ቃል ሳልጠራው አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። መጥሪያውን ከነፖስታው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «በልጄ ስም የፍርድ ቤት ወረቀት ሲመጣ አያቷ ኑዛዜ እንደነበረው እንኳ አናውቅም ነበር፤ ገንዘቡ አይደለም፣ ለምን አልነገራችሁንም?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በአገራችን ቢሆን ሽማግሌ ይላክ ነበር፤ እኔ ግን ራሴው የሽማግሌውንም የበዳዩንም ቦታ ይዤ ይቅርታ ጠየቅኋት። ለማስረዳት አልሞከርኩም። ማታውን የኑዛዜውን ሦስት ገጽ ከልጆቹ ጋር አብረን አነበብነው፤ ልጅቷ የአባቷን ስም አያቷ በጻፈበት መስመር ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ሥራ ነው። አቤቱታው የታላቅ ወንድማችንን አንድ ሦስተኛ እንዲያውቅ ተሻሻለ፤ ልጅቷ ለአካለ መጠን ስላልደረሰች ስምምነቱ የፍርድ ቤት ፈቃድ አስፈለገው፤ ቫሂኒ መቃወሚያዋን አነሣች። ከልቤ የምመክራችሁ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ አቤቱታው ከመግባቱ በፊት የሟችን ሚስት ወይም ባል፣ ልጆችና ቀድመው የሞቱ ልጆችን ልጆች ሁሉ ስማቸውን በወረቀት ጻፉ፤ ኑዛዜው ምንም ያልሰጣቸውንም ጨምራችሁ። ለእያንዳንዳቸው ራሳችሁ ደውሉ፣ ኮፒውን ላኩላቸው፣ ተስማምተው ቃለ መሐላ ከፈረሙ መጥሪያም መጠበቅም ይቀራል። የጠበቃ ደብዳቤ ከእናንተ ድምፅ ቀድሞ አይድረሳቸው። ደግሞም ይህን ልብ በሉ፤ ኑዛዜ የሚያጸድቀው ችሎት የሚመረምረው ኑዛዜው እውነተኛና በሕጉ መሠረት የተፈረመ መሆኑን ነው። ንብረቱ በእርግጥ የሟች ነበር ወይ የሚለው ክርክር ሌላ ቦታ የሚታይ ስለሆነ እዚያ ውስጥ በመግባት ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ኅዳር 2018 ላይ ውሳኔው ወጣ። ወንድሜ ኦቫል ማይዳን ከተባለው ሜዳ ፊት ለፊት ካለው ከዚያ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዞ ሲወጣ በቪዲዮ አሳየኝ። ዋናው ኑዛዜ እዚያው ስለሚቀር የተረጋገጡ ኮፒዎችን በብዛት አውጡ፤ ባንክ፣ ማኅበርና የግብር ቢሮ እያንዳንዳቸው ይጠይቃሉ። ሥራው በዚህም አያበቃም፤ አስተዳዳሪው በስድስት ወር ውስጥ የንብረት ዝርዝር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ የሒሳብ መግለጫ ለፍርድ ቤቱ ማቅረብ አለበት። ሕንድ የውርስ ግብርን በ1985 ስላስቀረች በውርሱ ላይ የከፈልነው ግብር የለም። እንደ እኔ ውጭ የሚኖር ሰው የወረሰውን ገንዘብ በሕጋዊ መንገድ በበጀት ዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ድረስ ማውጣት ይችላል፤ ባንኩ ግን ኑዛዜውን፣ የፍርድ ቤቱን ወረቀትና ከግብር ባለሙያ የተሰጠ ማረጋገጫ ሳያይ አይልክም።

በ2019 መጀመሪያ ላይ ሁላችንም ዳዳር ተገናኘን። የማኅበሩ ጸሐፊ የአባቴን የአክሲዮን ሰርተፊኬት ገልብጠው፣ ከጀርባው ባለው ሠንጠረዥ ላይ የአራታችንን ስም በተራ ጻፉ፤ ልጅቷ ገና አሥራ ስምንት ዓመት ስላልሞላት ከስሟ ቀጥሎ የእናቷን ስም በሞግዚትነት አስገቡ። የእኔን ስም ለመጻፍ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ «በየትኛው ስም ነው የምጽፈው?» ብለው ጠየቁኝ። ኑዛዜው ላይ አባቴ በጻፈው አልኳቸው።